ፉድ ስታምፕ ሲቆረጥ ጉዳዩን የሚሰማው ሹም ምን ማድረግ ይችላል?

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማው እንደሚቀነስ ወይም እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ፋይሉን ከያዘው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከኬዝ ወርከሩ፣ ጋር በስልክ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ጉዳዩ በሹም ፊት እንዲሰማለት መጠየቅ ይሻለዋል። የፌዴራሉ ደንብ ለዚህ 90 ቀን ይሰጣል፤ ጥያቄውም በቃል ቢቀርብ ይበቃል። ሆኖም ድጎማው እስከ ውሳኔው ድረስ ሳይነካ እንዲቆይለት የሚፈልግ፣ ቅነሳው ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት ደብዳቤው በወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን፣ መጠየቅ አለበት። ከተረታ ግን በዚያ መካከል በትርፍ የተቀበለውን እንዲመልስ ይደረጋል።

በተለምዶ ሂሪንግ ኦፊሰር የሚባለው ይህ ሹም፣ የተቃወሙትን ውሳኔ በመስጠት ያልተሳተፈ፣ የወሰነው ሠራተኛ የቅርብ አለቃ ያልሆነና በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌለው መሆን ይኖርበታል። ቃለ መሐላ ያስፈጽማል፣ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ይቀበላል፣ የክርክሩን ሥርዓት ያስከብራል፤ የጤና ጉዳይ ከተነሣና ካስፈለገ ገለልተኛ የሕክምና ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝዝ ይችላል። እንደየክፍለ ግዛቱ አሠራርም ራሱ ይወስናል ወይም ለወሳኙ አካል የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

ደንቡን መለወጥ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ኪራይ ንሯል፣ ልጆቼ ብዙ ናቸው ብለው ቢያስረዱት ከልቡ ቢያዝን እንኳ የገቢውን ጣሪያ ከፍ አያደርግልዎትም፤ ሊያርም የሚችለው ደንቡ በእርስዎ ላይ በስህተት የተሠራበትን ወይም ሂሳቡ የተዛባበትን ነው። ክርክርዎን በዚያው ልክ ያዘጋጁ። ኡበር የሚነዳ ሰው ቢሆኑና ኬዝ ወርከሩ መተግበሪያው ላይ የታየውን 3,000 ዶላር እንዳለ እንደ ገቢ ይዞብዎት ቢሆን፣ በግል የሚሠራ ሰው የሥራ ወጪው ሊቀነስለት እንደሚገባ ጠቅሰው የነዳጁንና የጥገናውን ደረሰኝ በየወሩ ለይተው ያቅርቡ። ሹሙ «ይህ የየትኛው ወር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከፌስታል ውስጥ መፈለግ የለብዎትም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ሰው ግን የሚዘነጋው፣ ፋይሉን አስቀድሞ ማየት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚከራከርባቸውን ሰነዶች ከቀጠሮው በፊት ማየትና የሚፈልጓቸውን ኮፒዎች በነፃ ማግኘት መብትዎ ነው፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። አስተርጓሚ ከፈለጉ ጥያቄውን ሲያቀርቡ ያስመዝግቡ፤ ልጅዎን በአስተርጓሚነት አያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ልጁ የቤቱን ገበና ሲያለዝብ ነገሩ ይጠፋል። ለመዘጋጀት ጊዜ ካነሰዎትም ቀጠሮው እስከ 30 ቀን እንዲራዘምልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

በዕለቱ ኬዝ ወርከሩን ራስዎ መጠየቅ ይፈቀድልዎታል፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት፣ መልሱም ይመዝገብ። ክፍለ ግዛቱ ራሱ በሚሰማቸው ጉዳዮች ውሳኔው አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ተሰጥቶ ለባለጉዳዩ መገለጽ አለበት።