የደብርን ዛፍ እንደ ጾም መጠበቅ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ እስከ ጫፉ በታረሰ ሜዳ መካከል ጥድና ወይራ ተሰብስቦ ከታየ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ያ ዛፍ እስከ ዛሬ የቆየው ስላልተነካ ነው። ስለዚህ የደብራቸውን ቅጽር መንከባከብን እንደ መንፈሳዊ ተግባር ለመያዝ የሚሹ ምእመናን ዶማ ከማንሳታቸው በፊት እጅ መሰብሰብን ቢለማመዱ ይሻላል። አዳም ገነትን እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ታዝዞ ነበር፤ እኛ ግን ማበጀቱን በዘመቻ እየወደድን መጠበቁን እንዘነጋለን።

የመንዝ ሰው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እጅግ የሚፈለግ ሆኖ ሳለ፣ ቀሮ በሚባለው፣ ነዋሪው የጋራ መሬቱን በሚጠብቅበት ባህላዊ ሥርዓት መሠረት፣ ሣሩ የሚበቅልበት አካባቢ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለአጨዳም ለግጦሽም ተዘግቶ ይቆይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም ዛሬ ድረስ እዚያ አሉ። አጽዋማትን ለሚጠብቅ ምእመን፣ ያለን ነገር ለጊዜው መተው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

እንግዲህ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተመካክረው ከቅጽሩ አንዱን ጥግ ይምረጡና ለጥቂት ዓመታት ይዝጉት። ካቡ የፈረሰበትን ቦታ በድንጋይ ይጠግኑ፤ በግም፣ ፍየልም፣ የካህናቱ በቅሎም (ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል) እንዳይገቡበት ያድርጉ። ከክረምቱ በኋላ ተንበርክከው ሣሩን በጣትዎ ገለጥ ቢያደርጉት፣ ከትልልቆቹ ዛፎች የወደቀ ዘር ቁመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ችግኝ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። አጠገቡ እንጨት ይትከሉለት፤ አለዚያ ሣር አጫጁ ሳያየው አብሮ ያጭደዋል።

መትከል ካስፈለገ ዘሩን ከዚያው ደብር ይውሰዱ። የጥድ ፍሬ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሰማያዊ መልክ ሲይዝ ይለቀማል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሻል፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ስለሆነ ይጣላል። የወይራ ዘር ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ፣ ውስጡ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ከተሰነጠቀ ቶሎ ይበቅላል። ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍረው፣ ችግኙን መሬቱ በሚገባ ከራሰ በኋላ በሐምሌ ይትከሉ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት በተካፈልሁበት ተከላ፣ ለመቁጠር ስንጣደፍ ብዙዎቹን ችግኞች ከነፕላስቲካቸው ቀብረናቸው ነበር። በዓመቱ አንዱን ነቅለን ስናየው ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞ ደርቋል።

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ዋናው ጠላት ውርጭ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ለጋው ቅጠል ይቃጠላል፤ ስለዚህ ማታ በደረቅ ሣር ይሸፈንና ረፋድ ላይ ይገለጣል። ይህ በየዕለቱ የሚደገም ሥራ ስለሆነ፣ ለእኔ ከተከላው ቀን ይልቅ ጸሎትን የሚመስለው እሱ ነው።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶ ችግርን ያቃለለ ባለውለታ ነው፤ ሆኖም ውኃ አጥብቆ ስለሚስብ ከጸበል ምንጭ አጠገብ አይተከል። ከጸበሉ በላይ ልብስ እንዳይታጠብ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስም በዚያው እንዳይጣል ማሳሰብ ያስፈልጋል። ለደመራ የሚሆነው ችቦ ከደረቀ እንጨት ይዘጋጅ፤ አደይ አበባም ከነሥሩ አይነቀል፣ ዘሩን የሚያፈስስ ጥቂት ይተውለት።

ችግኞቹን በበጋ ማን ያጠጣቸዋል የሚለው ጥያቄ ግን በፈቃደኝነት ብቻ ሲተው ሥራው ይቀራል። የማኅበር ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር ለዚህም እሱን መከተል ይበጃል፤ ጽዋውን የሚረከበው ተረኛ የውኃውን ጀሪካን አብሮ ይረከብ፣ ሲያስረክብም ስንት ችግኝ እንዳደረሰ ለማኅበርተኛው ይናገር።