ፍላሹን ሳታዩ ቴፑን አትፍቱ፦ የመኪና ሙዚቃ ችግርና መፍትሄ

ፊውዙ፣ ባትሪውና የስፒከር ገመዱ ታይተዋል ብለን እንነሳ። ከደብረ ብርሃን መሃል ሜዳ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ሸዋ ሮቢት በሚመላለሱ መኪኖች ላይ «ቴፑ ተበላሸ» ተብሎ ዳሽቦርድ ሲፈታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፍላሹ ነው።

ፍላሹ ተሰክቶ ቴፑ አያነብም

ስልክና ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፍላሽ ቴፕ ላይ እምቢ ካለ መጀመሪያ ፎርማቱን፣ ማለትም ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበትን አሠራር፣ እዩ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ በብዛት የሚመጣው በኤክስፋት (exFAT) ተዘጋጅቶ ነው፤ ብዙው የመኪና ቴፕ የሚያውቀው ግን ፋት 32ን (FAT32) ነው። ዘፈኑን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፣ ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አድርጉና መልሱ። የዊንዶውስ ፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ፍላሽ ይህን ምርጫ አያቀርብም። ስለዚህ ስትገዙ 16 ወይም 32 ጊጋ ይበቃችኋል። የ4 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት 4 ሜጋ አይሞላም፤ 16 ጊጋ ከ3,500 ዘፈን በላይ ይይዛል፣ ሳይደገም ከ200 ሰዓት በላይ ማለት ነው።

ፎርማቱ ደህና ከሆነ ሾርትከት ቫይረስን ጠርጥሩ። በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ዘፈን የሚጫንበት ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ ይሰካል፤ አንዱ ይዞት የመጣው ለሁሉም ይዳረሳል። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሆነ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ፣ ያስቀምጣል። ከፎልደሩ ምስል ሥር ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካያችሁ እሱ ነው። ኮምፒውተር በሾርትከቱ በኩል ስለሚከፍተው ሹፌሩ «ዘፈኑማ አለ!» ብሎ ይከራከራል፤ ቴፕ ግን ሾርትከት የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ ብቻ ደህና ቴፕ ተፈቶ አዲስ የሚገዛ አለ፤ ያው ፍላሽ አዲሱ ላይም ሲሰካ ያው ነው።

ሾርትከቱን በፍጹም አትክፈቱት፤ ቫይረሱን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ጸረ ቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ላይ የተደበቁትንም የሲስተም ፋይሎችንም እንዲያሳይ አድርጉ። የዘፈን ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ አድርጉ፣ ፎልደሩን እንዳለ አታንሱ፣ ቫይረሱ እዚያው ሊኖር ይችላል። ከዚያ ፎርማት። የመኪናውን ፍላሽ ለፎቶና ለሰነድ አታውሉት፤ ከኮምፒውተር ስትነቅሉም ዝም ብላችሁ አትመንጭቁት።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና ዘፍነው የኋለኞቹ ስማቸው እየታየ የሚዘለሉ ከሆነ ፍላሹ ሐሰተኛ ነው፤ ላዩ 128 ጊጋ፣ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ፎርማት አያድነውም። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣዋል። ወስዳችሁ ለሻጩ መልሱ። እንዲህ ያለ ዕቃ መሸጥ ዝርፊያ ነው።

አንዳንድ ዘፈን ብቻ እምቢ ካለ ከስልክ ወርዶ ስሙ ብቻ ወደ ኤምፒ3 የተቀየረ ፋይል ይሆናል። ስም መቀየር ፎርማት አይቀይርም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም እውነተኛ ኤምፒ3 አድርጉት። ስሙ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ቴፑ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በላቲን ጻፉት። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ብዙ ቴፕ የሚከተለው ኮፒ የተደረገበትን ተራ ስለሆነ እንደምትፈልጉት በተራ ጫኑ።

ሞተሩ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር የፉጨት ድምፅ

ስልኩ በኦክስ ገመድ እየዘፈነ ከላይተር መሰኪያ ቻርጅ ሲደረግ ይመጣል። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ከጠፋ ችግሩ የግራውንድ ዙር ነው፤ ስልኩና ቴፑ በቻርጀሩም በኦክሱም በኩል ግራውንድ ስለሚገናኙ ይፈጠራል፣ በኦክሱ መሃል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይዘጋዋል። ካልጠፋ የቴፑን ጥቁር ገመድ (ግራውንዱን) ተከተሉ፤ ቀለም ላይ ከታሰረ ብረቱን ፍቃችሁ እንደገና እሰሩት።

ሌሎች

ቁልፍ ሲዘጋ ዘፈኑንም ሰዓቱንም የሚረሳ ቴፕ ቢጫ ገመዱ ቀጥታ ከባትሪ መሆኑ ቀርቶ ከቁልፍ ጋር ታስሯል። ብሉቱዝ ካልያያዘ ከሁለቱም በኩል ሰርዙና እንደ አዲስ አገናኙ። ዘፈኑን በሬዲዮ መስመር ወደ ቴፑ የሚልክ ኤፍኤም ትራንስሚተር የምትጠቀሙ ከአዲስ አበባ ስትነሱ ጣቢያ ካለባቸው ከ98.1 እና ከ102.1 ራቁ፤ ጣርማ በርን አልፋችሁ ስትወርዱ ባዶ የነበረው መስመር ጣቢያ ሊገባበት ስለሚችል ቀይሩ።

አይሱዙ ላይ

ይህን አደራ። የጭነቱ አይሱዙ በተከታታይ በታሰሩ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች የሚሠራ 24 ቮልት ነው፤ የቤት መኪና ቴፕ 12 ነው። በቀጥታ ከታሰረ ይቃጠላል። ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል ገመድ ስበው የሚገጥሙ አሉ፤ ቴፑ ይዘፍናል፣ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ቻርጅ እየሆነ ውሃው ይተናል። በደብረ ብርሃን የንጋት ብርድ መኪናው አልነሳ ሲል የሚከሰሰው ዲናሞው ነው። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግጠሙ፤ ከቴፑ ጀርባ ፊውዙ ላይ የተጻፈውን አምፔር የሚችል ይሁን፣ መግቢያው ላይም የራሱ ፊውዝ ይኑረው።