በትንሽ ከተማ የትራፊክ አደጋ የሚደጋገምባቸውን ቦታዎች እንዴት ለይቶ ማወቅና ማስተካከል ይቻላል

አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በሚያልፍባት ትንሽ ከተማ የኖረ ሰው፣ ነዋሪው በስም ሳይጠራ «እዚያ ጋ» ብቻ የሚላትን አንዲት ቦታ ያውቃል። ከድልድዩ አለፍ ብሎ ያለው ጠመዝማዛ ወይም በመናኸሪያውና በገበያው መካከል ያለው መሻገሪያ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች «ደም የለመደ ቦታ ነው» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ አደጋ በእርግጥም ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። የሚመለሰው ግን በቦታው ላይ የሚታይ፣ የሚለካና ሊስተካከል የሚችል ምክንያት ስላለ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ያንን ምክንያት ፈልጎ የማግኛው መንገድ ነው።

ሥራው የግድ መሐንዲስ አይጠይቅም። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የዕድር ዳኛ፣ የጤና ባለሙያ ወይም ለጉዳዩ የሚቆረቆር ወጣት ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተባብሮ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ ረጅም ሜትር፣ የሰዓት መቁጠሪያ ያለው ሞባይልና ትዕግሥት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደልም ከየትኛውም በሽታ ይቀድማል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ሳይክል ተጠቃሚዎች ናቸው። በእኛ ትናንሽ ከተሞች አስፋልቱ መንገድም፣ ገበያም፣ የልጆች መመላለሻም በመሆኑ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

1ኛ፦ መዝገቡን ማግኘት

መነሻው የከተማው ወይም የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የትራፊክ ክፍል ነው። ከቀበሌ ወይም ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። የሚፈልጉት የሰዎችን ስም ወይም የታርጋ ቁጥር አለመሆኑን አስቀድመው ያስረዱ፤ በመዝገቡ ላይ ቢያዩዋቸውም ወደ ደብተርዎ አይገልብጧቸው። ቢያንስ የ3 ዓመት፣ ከተቻለም የ5 ዓመት መረጃ ይጠይቁ። በትንሽ ከተማ የአንድ ዓመት ቁጥር ጥቂት ስለሚሆን፣ በአንድ ክረምት በአጋጣሚ የተከሰቱ ሁለት አደጋዎች ብቻ ሥዕሉን በሙሉ ሊያዛቡት ይችላሉ።

ከፖሊስ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ። ባጃጅ ተገልብጦ ክንዱ የተሰበረ ሰው ወይም ሞተር ገጭቶት እግሩ የቆሰለ ልጅ ጉዳዩ በሽምግልና ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ ከፖሊስ መዝገብ አይገባም፤ ፋሻ የጠቀለለችለት ነርስ ግን ጽፋዋለች። ሌላም የሚሰወር ነገር አለ። በዓለም አቀፍ አሠራር አደጋ ደርሶበት በ30 ቀናት ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ይቆጠራል። ከትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት በሳምንቱ ያረፈ ሰው ግን፣ ተከታትሎ የሚያስተካክል ካልተገኘ፣ በከተማው መዝገብ ላይ እስከ መጨረሻው «ከባድ የአካል ጉዳት» እንደሆነ ይቀራል።

2ኛ፦ ሰንጠረዡን መሙላት

ለእያንዳንዱ አደጋ አንድ መስመር ይስጡ። ቀኑን፣ የሳምንቱን ዕለት፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የጉዳቱን መጠን (ሞት፣ ከባድ፣ ቀላል፣ የንብረት ብቻ)፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ፣ ተጎጂው እግረኛ፣ ተሳፋሪ ወይም አሽከርካሪ መሆኑን፣ የብርሃኑንና የአየሩን ሁኔታ ይጻፉ። ዕለቱ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ከቀን መቁጠሪያ ፈልገው ይሙሉት፤ የገበያ ቀን ጉዳይ የሚገለጠው በዚህ ዓምድ ነው።

በሰዓት ጉዳይ እጅግ ይጠንቀቁ። አንዱ መዝጋቢ «1:30» ብሎ ይተዋል፤ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። ሌላው ያንኑ ምሽት በፈረንጅ አቆጣጠር «7:30» ብሎ ጽፎት ይገኛል። የቀኑም አቆጣጠር በሁለቱ ተቋማት የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንድ አቆጣጠር መርጠው ሁሉንም ወደዚያ ካልመለሱ፣ አንዱ አደጋ ሁለት ጊዜ ይቆጠርብዎታል፤ የምሽቱም ከጠዋቱ ይቀላቀላል።

3ኛ፦ ቦታውን በእግር ማግኘት

ከሁሉም አድካሚው ክፍል ይህ ነው፤ ጥናቱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ይኸው ነው። እኔ በሠራሁበት ከተማ መዝገቡ ደጋግሞ «ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይል ነበር፤ እኔ ግን ያገኘሁት አንድ ወፍጮ ቤት ከአስፋልቱ ርቆ ሰፈር ውስጥ ነበር። ብጠይቅ፣ የቀድሞው ወፍጮ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቤቱ አሁን የሲሚንቶ መደብር ሆኗል። ከመደብሩ ፊት ለፊት ስቆም አስፋልቱ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ሲሚንቶ ሊያራግፉ የቆሙት መኪኖችም የመታጠፊያውን ውስጣዊ ጎን ሞልተው አየሁ። መዝገቡ ስለዚህ አንድም ቃል አልጻፈም።

ስለዚህ የአደጋውን ፕላን (የቦታውን ንድፍ) ያነሳውን የትራፊክ ፖሊስ ይለምኑትና አብረው ይሂዱ። ፕላን ያነሳ ሰው ደሙ የት እንደነበረ፣ የጎማው ጭረት ከየት እንደጀመረ አይረሳም። በደረሱበት ሁሉ የሞባይልዎን ካርታ ከፍተው ነጥቡን ያስቀምጡ፤ ሞባይል ከሌለ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም ከድልድይ ጠርዝ ያለውን ርቀት በእርምጃ ይለኩ። ቦታው በምንም መንገድ ሊታወቅ ያልቻለውን አደጋ በግምት አይትከሉት፤ «ቦታው ያልታወቀ» ብለው ለብቻው ይቁጠሩት።

4ኛ፦ ካርታውን ማንበብ

ነጥቦቹን በትልቅ ወረቀት በተሳለ የከተማው ካርታ ላይ ይትከሉ። ሞትን በቀይ፣ ከባድ ጉዳትን በብርቱካናማ፣ ቀላሉን በቢጫ ማድረግ ይበቃል። ወዲያውኑ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ይታይዎታል። አንዳንዶቹ ነጥቦች በአንድ መስቀለኛ ወይም መሻገሪያ ላይ ይከማቻሉ፤ ሌሎቹ በአንድ የመንገድ ርዝመት ላይ ይዘረጋሉ። የተከማቸው የዚያ ቦታ ጉድለት ምልክት ነው፤ የተዘረጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት፣ የብርሃን ወይም የእግረኛ መንገድ እጦት ምልክት ነው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ቀጥሎ በሰዓትና በዕለት ይከፋፍሏቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት የሚደርሰውን ለብቻው ይዩት፤ ሰው ከሥራና ከገበያ የሚመለሰው፣ ብርሃን የሚጠፋው፣ ሹፌሩም ከመምሸቱ በፊት ለመግባት የሚጣደፈው በዚህ ሰዓት ነው። የገበያውን ዕለት ከሌሎቹ ዕለታት ጋር ሲያነጻጽሩ በዚያ ቀን የሰዉም የተሽከርካሪውም ብዛት የተለየ መሆኑን ያስታውሱ። በገበያ ቀን አደጋ መብዛቱ ብቻውን መንገዱ በዚያ ቀን ይበልጥ አደገኛ ሆኗል ማለት አይደለም፤ ያም ሆኖ ሰው የሚጎዳው እዚያ ከሆነ ሥራው የሚጀመረውም እዚያ ነው።

መዝገቡ ላይ «የአደጋው መንስኤ» የሚለውን ዓምድ ሲያዩ ብዙው መስመር «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት»፣ «ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» ወይም «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» ይላል። ይህ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልግ መልስ ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ይናገራል። አሥር የተለያዩ ሹፌሮች በአንድ መሻገሪያ ላይ ቅድሚያ ካልሰጡ ግን ጥያቄው ስለ ሹፌሮቹ ጠባይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሹፌሩ እግረኛውን ከስንት ሜትር ላይ ሊያየው ይችል ነበር? እግረኛውስ ለምን ዜብራውን ትቶ እዚያ ጋ ተሻገረ? አሽከርካሪን መቅጣት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ቅጣት ብቻውን ቦታውን እንዳለ ይተወዋል ማለቴ ነው።

5ኛ፦ በቦታው፣ በሰዓቱ መቆም

ካርታው ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎችን ከጠቆመዎት፣ አደጋው በሚበዛበት ሰዓት ሄደው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቁሙ። መጀመሪያ እንደ እግረኛ ይሻገሩ፤ ቀጥሎ ከባጃጅ ወይም ከሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠው በሹፌሩ ዓይን ይመልከቱት። እንደ ልጅ ለማየትም ጎንበስ ይበሉ፤ የቆመ መኪና ለአዋቂ ያልከለለውን ለሰባት ዓመት ልጅ ሙሉ በሙሉ ይከልለዋል።

ፍጥነትን ያለ ራዳር መለካት ይቻላል። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክተው ሁለቱን ጫፎች በኖራ ምልክት ያድርጉ፤ የመኪናው የፊት ጎማ አንዱን ምልክት ረግጦ ሌላውን እስኪረግጥ ያለውን ሰከንድ ይያዙ። 180ን በሰከንዱ ሲያካፍሉ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ያገኛሉ፦ 6 ሰከንድ ከፈጀ 30፣ 3.6 ከፈጀ 50፣ 3 ከፈጀ 60 ነው። ከፊቱ ያለው ዘገምተኛ መኪና ያላገደውን ብቻ እየመረጡ 40 ተሽከርካሪዎችን ይለኩ፤ ከዘገምተኛው ወደ ፈጣኑ ደርድረው 34ኛውን ይመልከቱ። መሐንዲሶች ለመንገድ ሥራ የሚመለከቱት ፍጥነት፣ ማለትም 85 ከመቶው ተሽከርካሪ የማያልፈው፣ እሱ ነው። ሹፌሮች አይተው እንዳይቀንሱ ከዛፍ ወይም ከቤት ጥግ ሆነው ይለኩ፤ አስፋልቱ ላይ ግን ፈጽሞ አይቁሙ።

ቁጥሩ ምን እንደሚል ለማስረዳት ይህን ስሌት ይጠቀሙ። ፍሬኑ ደህና የሆነ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ፣ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባበቃበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ስለ መንገድ ደህንነት የሚናገረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉባቸው ቦታዎች የፍጥነት ወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የጠየቀው ለዚህ ነው።

የመሬቱንም አቀማመጥ አይርሱ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ የጭነት መኪና ፍሬን በረጅሙ ቁልቁለት እየጋለ ይመጣል፤ ከታች የምትጠብቀው ከተማ ደግሞ መንገደኛ ቆሎ ለመግዛት የሚቆምባት፣ ሻጩም ወደ መኪናው የሚጠጋባት ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ጥናቱ ከከተማው በር መጀመር የለበትም፤ ኪሎ ሜትሮች ወደ ላይ ወጥቶ ከቁልቁለቱ አናት መነሳት አለበት።

6ኛ፦ መፍትሔውን ለይቶ ማቅረብ

ለከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚያቀርቡት ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ካርታው፣ የፍጥነቱ ልኬትና ፎቶግራፍ ይያያዙበት። አውራ ጎዳናው የፌዴራል ከሆነ በአስፋልቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጋር መነጋገርን ስለሚጠይቅ፣ ከተማው በራሱ አቅም ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች ይጀምሩ። የባጃጅና የሚኒባስ መጫኛ ከዜብራው በፊት ከሆነ እግረኛውን ስለሚሸፍን፣ ከዜብራው አልፎ እንዲሆን ማዛወር ወጪው እምብዛም ነው። ከመታጠፊያ ላይ የቆሙ የጭነት መኪናዎችን ማንሳት፣ የደበዘዘ ዜብራ መቀባት፣ አስፋልት ጠርዝ ላይ የወጣውን መደብ ወደ ውስጥ ማስገባትና አንድ የመንገድ መብራት መትከልም እንዲሁ ነው። ቸርቻሪዎቹን ሲያነሱ ግን የሚሸጡበትን ምትክ ቦታ አብረው ያዘጋጁ፤ አለዚያ በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ያገኟቸዋል።

ስለ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ልጅ በተገጨ ማግስት ነዋሪው ከሐዘን ብዛት ድንጋይና አፈር ከምሮ በአስፋልቱ ላይ ጉብታ ሲሠራ ይታያል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ምልክትና ቀለም የሌለው፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የቆመ ጉብታ በጨለማ የሞተር ሳይክል ነጂን ይጥላል፤ ወላድ የያዘን አምቡላንስም ያንገላታል። በደንብ የተሠራ ክብ ጉብታ በመኪናው አቅጣጫ ወደ 3.7 ሜትር ርዝመት፣ ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ይቀባል፤ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይቆምለታል፤ የዝናቡ ውኃ የሚያልፍበትም ይተውለታል። በቀጥ ያለ ቁልቁለት መሐል ላይ አይደረግም።

7ኛ፦ መከታተል

ሥራው ከተሠራ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው 50 ሜትር ላይ ፍጥነቱን እንደገና ይለኩ። የአደጋ ቁጥር መቀነሱን ለመናገር ግን አይቸኩሉ። አንድ ቦታ በአንድ ክፉ ዓመት ከልኩ በላይ አደጋ ካስተናገደ፣ ምንም ባይደረግለት እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ልኩ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ከሥራው በፊት የነበሩትን 3 ዓመታት ከሥራው በኋላ ካሉት 3 ዓመታት ጋር ማነጻጸር ይሻላል። አደጋው ጠፍቶ ሳይሆን ወደ ቀጣዩ መታጠፊያ ተዛውሮ እንደሆነም በካርታው ላይ ይፈትሹ።

ከአሁን በኋላ የሚደርሱ አደጋዎች ቦታ በፖሊስ መዝገቡ ላይ ከቋሚ ምልክት ርቀቱ ተለክቶ እንዲጻፍ ከትራፊክ ክፍሉ ጋር ይስማሙ። ካርታውንና ሰንጠረዡንም በሁለት ቅጂ አንዱን በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሌላውን በማዘጋጃ ቤቱ ያስቀምጡ፤ የትራፊክ ፖሊሱ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ተተኪው ቦታዎቹን በዚያ ካርታ ይዞ በእግሩ እየዞረ እንዲያያቸው ያድርጉ።