እግር ነው ወይስ ራስ? ሩጫ ላይ ጉልበት ሲያልቅ

ረጅም ሩጫ ላይ «ጉልበት አለቀብኝ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የከዳህ እግርህ ነው ወይስ ራስህ? ከእንጀራና ከዳቦ የምናገኘው ስኳር ግላይኮጅን ሆኖ የሚቀመጥባቸው ጎተራዎች ሁለት ናቸው። ጉበት 100 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ጡንቻ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ግራም። ምልክቱ የትኛው እንደተራቆተ ይናገራል።

ራስ ሲዞር፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲወርድ

ይሄ የጉበት ነገር ነው። መላው ደማችን ውስጥ ያለው ስኳር 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በሉት። ሆድ ባዶ ሲሆን ያቺን ማንኪያ የሚሞላት ጉበት ነው። ተኝተን ሳለ እንኳ አንጎል ከዚያው ሲመገብ ያድራል። እራት ዘሎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሩጫ የወጣ ሰው ጡንቻው ሙሉ ሆኖ ጉበቱ ተሟጦ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ፈጣን ነው። ቁሙ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጡ ወይም ቴምር ብሉ። በሌላ ቀን ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙዝ ወይም በሶ ብጥብጥ ይበቃል። ሳትሮጡም የሚደጋገም ከሆነ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ራስ ደህና፣ እግር ድንጋይ

እዚህ ያለቀው የእግር ጡንቻ ግላይኮጅን ነው። ጡንቻ ደግሞ ንፉግ ነው። ግሉኮስን ወደ ደም የሚለቅበት ኢንዛይም ስለሌለው የክንዳችሁ ጎተራ ቢሞላም ለእግር አያበድርም። ሂሳቡን እዩት፦ 500 ግራም ማለት 2,000 ካሎሪ ነው፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በኪሎ ሜትር 65 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ማራቶን 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚከብደው ለዚህ ነው። ስብማ ሞልቶናል፤ ችግሩ እንደ እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ መንደዱ ነው።

እግር ከሞተ በኋላ ሻይ ተአምር አይሠራም። ፍጥነት ቀንሱ፣ ያኔ ስብ የሚሸፍነው ድርሻ ይጨምራል። ቤት ስትገቡ ደህና አድርጋችሁ ብሉ፤ ጎተራው እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በቀጣዩ ረጅም ሩጫ ግን እስኪደክማችሁ አትጠብቁ። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር በትንሽ በትንሹ ውሰዱ።

ከውድድር በፊት ክብደት ሲጨምር

ለውድድሩ ብላችሁ ደህና ስትበሉ ጎተራዎቹ ይሞላሉ፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጥ። የጨመረው ውሃ ነው። ሚዛኑን አልጋ ስር መልሱት።