ውዝፍ ኪራይ ሳይከመር መያዝ፦ በእንግሊዝ የካውንስልና የሀውሲንግ አሶሴሽን ቤቶች

በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) ወይም በሀውሲንግ አሶሴሽን (ለትርፍ ባልቆመ የቤት አከራይ ድርጅት) ኪራይ የሚያሰባስብ ሠራተኛ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የባለዕዳዎች ዝርዝር ይጠብቀዋል። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አንከፍልም ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ገንዘቡ የሚገባበትና ኪራዩ የሚታሰብበት ቀን አልገጠመላቸውም። ስለዚህ ስልክ ከመነሣቱ በፊት ሂሳቡ ይነበብ።

ኪራዩ በሳምንት 120 ፓውንድ ሆኖ በየሰኞው ይታሰባል እንበል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በየወሩ የሚከፍለው፣ የቤት ድጎማንም የሚጨምረው አበል፣ ይህን በ52 አባዝቶ ለ12 ያካፍልና በወር 520 ይሰጣል። አራት ሰኞ ባለው ወር ሂሳቡ ላይ የሚያርፈው 480፣ አምስት ሰኞ ባለው ደግሞ 600 ነው። ተከራዩ 520ውን ሳያዛንፍ ቢከፍልም በዓመት ስምንት ወር 40 ይተርፈዋል፣ አራት ወር 80 ይጎድለዋል፤ 320 ለ320 ይጣፋል። በአምስት ሰኞው ወር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚልክ ቢሮ በትክክል የሚከፍለውን ሰው አስቀይሞ ይቀራል። ዓመቱ 53 ሰኞ ከያዘ ግን የአንዱ ሳምንት 120 ፓውንድ ከተከራዩ ኪስ መውጣቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ ተነግሮት በወር 10 ፓውንድ ቢጨምር ይሸፈናል።

ትልቁ ዕዳ የሚወለደው ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ነው። የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በምሳሌያችን 600 ፓውንድ ከወዲሁ ተቆጠረ ማለት ነው። ማመልከቻው ኪራዩ በጀመረበት ዕለት መግባት አለበት። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈለው ቢበዛ ለአንድ ወር፣ ያውም በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነውና «በሚቀጥለው ሳምንት እሞላዋለሁ» የሚል ተከራይ ካለ እዚያው ተቀምጦ አብሮት ይሞላ። ሀውሲንግ ቤኒፊት ከተባለው የቀድሞ የኪራይ ድጎማ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚዛወር ሰው የሁለት ሳምንት ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ እሱም ለሌላ ጉዳይ ሳይውል ወደ ኪራዩ ይግባ። ለጡረታ ያልደረሰ ተከራይ ትርፍ መኝታ ቤት ካለው የቤት ድጎማው ይቀነሳል፦ ለአንድ ክፍል 14 በመቶ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 25 በመቶ። ለ120 ፓውንድ ኪራይ 16.80 ወይም 30 ፓውንድ በየሳምንቱ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳይሰማ ውል የፈረመ ሰው በሦስት ወሩ ከዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ኪራይ ሚያዝያ ላይ ሲጨምርም እንዲሁ ነው፤ ተከራዩ አዲሱን ኪራይ በዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንቱ ካላሳወቀ ልዩነቱ ከኪሱ ይሄዳል።

ክፍያ ሲያልፍ በዚያው ሳምንት ደውሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ነው የሚከፍሉት?» ሳይሆን «ባለፈው ወር ምን ተለወጠ?» ነው። የሥራ ሰዓት ተቀንሶ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ወጥቶ፣ ወይም አበሉ በቅጣት ተቀንሶበት ሊሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ መፍትሔው የተለያየ ነው።

ከዚያ ገቢና ወጪው በወረቀት ይስፈር። ስልኩን ለመዝጋት ሲል በሳምንት 50 ፓውንድ ቃል የገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ ያቆማል፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ደግሞ ሲደወልለት አያነሣም። ከመደበኛው ኪራይ በላይ በሳምንት 5 ፓውንድ የሚከፍል ስምምነት 600 ፓውንድን ለመጨረስ 120 ሳምንት ይፈጃል። አለቆች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል፤ ቢሆንም የማይፈርሰው እሱ ነው። ዳይሬክት ዴቢቱም (ከባንክ ሂሳብ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ) ደመወዝ በገባ ማግስት ይሁን እንጂ በወሩ መጀመሪያ ላይ በልማድ አይቆረጥ።

ውዝፉ ሁለት ወር ሲሞላ፣ ማለትም በዚህ ምሳሌ 1,040 ፓውንድ ሲደርስ፣ የቤት ድጎማው በቀጥታ ለአከራዩ እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል። ከአበሉ ላይ ለውዝፉ ተቆራጭ መጠየቅም አለ፤ ነገር ግን በስምምነት እየከፈለ ካለ ሰው ላይ ይህን መደረብ የምግቡን ገንዘብ መንካት ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የጠቅላላ ተቆራጩ ጣሪያ ከ25 ወደ 15 በመቶ ዝቅ ማለቱን አትርሱ፤ ሌላ ዕዳ ቀድሞ ከያዘው የእናንተ ተራ ሊዘገይ ይችላል።

ተከራዩ ብሪዚንግ ስፔስ የተባለውን የ60 ቀን የዕዳ ፋታ ካገኘ ስለ አሮጌው ውዝፍ መጎትጎት ክልክል ነው፤ የወቅቱ ኪራይ ግን መከፈሉ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ጥፋቱን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ነው፤ ሠራተኛው ቢያቆምም የጽሑፍ መልእክቱ በራሱ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን አጥፉ።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ለማኅበራዊ ቤት አከራዮች፣ ማለትም ለካውንስልና ለሀውሲንግ አሶሴሽን፣ የወጣው የቅድመ ክስ ሥርዓት የኪራይ መግለጫ በየሦስት ወሩ፣ ሰው በሚገባው አቀራረብ እንዲላክ ይጠይቃል። ተከራዩ ለድጎማ ማስረጃውን አቅርቦ፣ ይፈቀድለታል የሚያሰኝ ምክንያት ካለና ሌላውን ድርሻ ከከፈለ ክስ ሊመሠረት አይገባም። የችሎቱ ቀን ሲቃረብ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የቅርቡ መግለጫ ይደረሰው፤ እንዲቀርብም ገፋፉት። ባልቀረበ ሰው ላይ ዳኛው የሚወስነው ከወረቀቱ ብቻ ነው፤ የቀረበ ግን የወቅቱን ኪራይና በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረ ቤቱን እንዲይዝ የሚፈቅድ የታገደ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሂሳብ ከሌሎቹ ለይታችሁ በየሳምንቱ እዩት፤ አንድ ክፍያ ካለፈ በማግስቱ ደውሉ፣ ሁለተኛው እስኪያልፍ አትጠብቁ።