የመጽሐፍ ሽፋን ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሟቸው

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ዲዛይነር ደወለልኝ። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ፣ ጎኑ ላይ መቅረት የነበረበት ቀለም ወደ ፊት ሽፋኑ ዘልቋል። ሳይጨርስልኝ ገባኝ። እኔም ላይ ደርሷል።

የገጹ ብዛት ሳይታወቅ ሽፋን መዝጋት። ጎን የምለው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚነበብበትን ጠባብ ክፍል ነው። ስፋቱን የሚወስኑት የገጹ ብዛትና የወረቀቱ ውፍረት ናቸው። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው። አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ከወፈረ፣ ጎኑ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። እኔም ሽፋኑን በዚሁ ልክ ሠርቼ ላክሁ። ከዚያ ደራሲው አንድ ምዕራፍ ጨመረ፤ አርታኢዋም የፊደሉን መጠን ከፍ አደረገችው። መጽሐፉ 288 ገጽ ሆነ፣ ጎኑ ደግሞ 14.4 ሚሊሜትር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። 2.4 ሚሊሜትር ሲያወሩት ትንሽ ነው። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲመጣ ግን ቀዩ ቀለም ጎኑን መሸፈን አቅቶት፣ የፊት ሽፋኑ ነጭ እንደ ክር ዞሮ ጎኑ ላይ ይታይ ነበር። ሙሉው ኅትመት እንደዚያ ነው የወጣው። ዛሬም ሳየው ያመኛል።

እባካችሁ፣ የመጨረሻውን የገጽ ብዛት በጽሑፍ ተቀበሉ። ወረቀቱ ከተቀየረም እንደገና ጠይቁ፤ ገጹ ሳይጨምር ወረቀቱ ብቻ ቢወፍር ጎኑ ይሰፋል። ልኩን ማተሚያ ቤቱ ራሱ ቢሰጣችሁ ይሻላል።

«ቀይረው» ሲባል ወዲያው መቀየር። ሽፋን እስከ መጨረሻው ሰዓት ይቀየራል። ደራሲው ያየዋል፣ አሳታሚው ያየዋል፣ መጽሐፍ ሻጮችም ሐሳብ ይሰጣሉ። ይህ አያስከፋም። ግን መጀመሪያ ምን እንዳልተመቻቸው ጠይቁ። አንድ አሳታሚ ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀየረኝ። በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ ችግሩ ቀለሙ አልነበረም። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ፈገግታ መጽሐፉን የፍቅር ልቦለድ አስመስሎታል። መጽሐፉ ደግሞ የሐዘን ማስታወሻ ነው። ፎቶውን አነሳሁት፤ የመጀመሪያው ቀለም ባለበት ቀረ።

አሮጌው ሽፋን የተላከባቸውን ቦታዎችም መዝግቡ። ካልሆነ ማስታወቂያው ላይ አንድ፣ ሱቅ ውስጥ ሌላ ሽፋን ይታያል።

ስክሪኑን ማመን። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ነው የሚሠራው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን (ሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) ደግሞ ጥቁሩን ያፈዘዋል። ናሙናውን በትክክለኛው ወረቀትና ላሚኔሽን አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ጎኑ ላይ በጣም ወፍራም ፎንት። ፊደላችን አንሶ ሲወፍር ውስጡ ይደፈናል። «ጠ» እና «ጨ» መለየት ያቅታል።

በትልቁ ብቻ ማየት። ስልክ ላይ የአውራ ጣት ያህል አሳንሳችሁ ርዕሱን አንብቡት።

ጠርዝ ላይ ትርፍ አለመተው። በየጠርዙ ቀለሙን ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊሜትር አሳልፉት። ያለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይወጣል።

ባርኮዱን ማሳመር። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ይሁን፣ ዙሪያውም ባዶ ይሁን። የብዙ ማንበቢያዎች ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀይ ባርኮድ አይታያቸውም። ሽፋኑ ብቻ ስለተቀየረ አዲስ አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) አያስፈልግም። የታተመ መጽሐፍ በአዲስ ርዕስ ሲወጣ ግን ቁጥሩም ይቀየራል፤ ያኔ የኋላ ሽፋኑንም ከፍታችሁ ባርኮዱን ተኩት።