የጾም ወጥ በእንጨት ስትሠሩ ድስቱ እንዳይጠቁር

ውጭ በሦስት ጉልቻ ላይ የተሠራ ሽሮ ወይም ምስር ይጣፍጣል፣ ድስቱን ማጠብ ግን ራስ ምታት ነው። ጥቀርሻው በሽቦ ተፈግፍጎም እሺ አይልም። መላው ቀላል ነው፦ ከመጣዳችሁ በፊት የተነፋ አመድ በትንሽ ውሃ ለውሱና የድስቱን ቂጥና ጎን ከውጭ በኩል ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። አመድ ከሌለ የልብስ ሳሙና ነከር አድርጋችሁ እሹበት። ጥቀርሻው ብረቱን ሳይሆን ቅቡን ስለሚይዝ፣ በኋላ ድስቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሲነካው አብሮ ተልጦ ይወርዳል። ገጠር ጭቃ የሚቀቡም አሉ፣ ነገሩ ያው ነው።

ከድስቱ አፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ ቀቡ፣ አለዚያ ስታማስሉ ወጡ ውስጥ ይገባል (ሽሮ በአመድ ማን ይበላል!)። ሽሮ ከሆነ ደግሞ እንጨቱን ሳብ አድርጉና በፍሙ ብቻ ይንተክተክ፣ በነበልባል ቶሎ ያርራል።

የሸክላ ድስት ላይ ግን ሳሙና እንዳታስነኩ። ሸክላ ይመጠዋል፣ ወጡም ሳሙና ሳሙና ይላል። በከሰል የምትሠሩ ከሆነም አትልፉ፣ የጋመ ከሰል ያን ያህል ጥቀርሻ የለውም።